ሳንወርድ የጻፍናቸው ስሞች

የማኅተም ቀለም በሸተተኝ ቁጥር እስካሁን አውራ ጣቴን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት በሆስፒታላችን በበጎ ፈቃድ ስትሠራ የቆየች አንዲት ወጣት የድጋፍ ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ ገባች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳለች፤ ሕክምና ለመማር ልታመለክት ነው፤ የቀራት የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ ቸኩላ ማኅተሙን አስቀድማ መትታበታለች፤ ወይን ጠጁ ቀለም ገና አልደረቀም። ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «ነገ ነይ» አልኳት። ልጅቱ ምን አጠፋሁ ብላ ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም አላጠፋችም። ወደ ኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ወደ መንዝ፣ ወደዚያ ጉም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በባዮሎጂ ተመርቄ፣ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም ለሚያደርግ ትምህርት ቤት አመልክቼ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ወደቅሁ። ከጠያቂዎቹ መሐል አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «በሽተኛ አጠገብ ቆመሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ። «እንግዲያው ሂጂና ቁሚ። ከዚያ ተመልሰሽ ነይ» አሉ። በክፋት አልነበረም። የሚቀጥለው ማመልከቻ ከዓመት በኋላ ነበር፤ እኔም በዚያ ዓመት ውስጥ ወረቀቴን የሚያጠነክር ነገር ፍለጋ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

አገራችን ከቀየት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባቴ የደብሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ ብዕር ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። የጸሎት መጽሐፍ ያጻፈ ሰው ክርስትና ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ በየቦታው ይገባል፤ አባቴ ያን ስም ሲጽፉ ማንንም አያናግሩም። አንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ስሙን የጻፍሽው ሰው አደራሽ ነው፤ አደራ እየተያዘ ወሬ አይወራም» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ከከተማችን ዳር፣ የገብስ ማሳ ተጠግቶ የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ነፋስ ሲነሳ ጣሪያው ያቃስታል። ውስጡ በረኪናና የረጠበ የበግ ፀጉር ባና ይሸታል፤ ሕመምተኞቹ ከውርጩ ሸሽተው ባናቸውን እንደተከናነቡ አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ከላያቸው እንፋሎት ይነሳል። ኃላፊው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር።

«ደመወዝ የለንም» አለኝ።

«ደመወዝ አልፈልግም። ስድስት ወር ልሥራና ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

«ጽሕፈትሽ እንዴት ነው?»

አንድ ወረቀት ሰጠኝና ጻፍኩለት። አይቶ ሳቀ። «ይኼማ የብራና ጽሕፈት ነው!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መዝገቡ የእኔ ሆነ።

መዝገብ ብቻ አልነበረም። ቁስል ማጠብ፣ ሙቀት መለካት፣ የሚያምጡ ሴቶችን ወገብ መያዝ ተማርኩ። በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ሳልሸሽግ ልናገር። ማታ ማታ ወደ ቤት ስመለስ እጄን እያሸተትኩ እሄድ ነበር፤ የሳሙናና የአልኮል ሽታው የሐኪም እጅ የያዝኩ ያህል ያኮራኝ ነበር። ያስተማረችኝ ይበልጡን ከቤት ቤት እየዞረች የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ከእኔ በአምስት ወይ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ በላስቲክ ጫማ ገደል ስትወርድ በቅሎ አይደርስባትም። «ዶክተር» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። «ነይ እንጂ ዶክተር፤ በሽታ ቆሞ አይጠብቅሽም» ትለኛለች ከፊት ከፊቴ እየሄደች።

በአምስተኛው ወር ላይ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ መጣ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሁሉ እንዲከተብ ታዘዘ። ደጋውን በሳምንት ጨረስነው። የቀረችው ከገደሉ ሥር ያለችው ጎጥ ነበረች። እኛ «ታችኛው አገር» እንላታለን፤ እኛ ዘንድ ውርጭ ገብሱን ሲያቃጥል እዚያ ታች ማሽላ ይበስላል። መውረጃው አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ ለመውረድ ሦስት ሰዓት፣ ለመውጣት አምስት ሰዓት ይፈጃል።

የሄድንበትን ቀን አልረሳውም። እኔ፣ ኤክስቴንሽኗና የክትባቱን የበረዶ ሣጥን የጫነች በቅሎ ነበርን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጉም ወረደ። የእግሬን ጫፍ እንጂ ሌላ ነገር አላይም ነበር። ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው መንገዱን በመቋሚያቸው ዘጉብን።

«ዛሬ አትወርዱም፤ ሌሊቱን መሬቱ ሲናድ ሰምቻለሁ» አሉ።

«አባቴ፣ የሕፃናት ክትባት ነው» አለቻቸው ኤክስቴንሽኗ።

«እናንተም የሰው ልጆች ናችሁ» አሏት።

ቆመን አዳመጥን። ጉሙ ውስጥ ድንጋይ ይንከባለላል፤ መንከባለሉ ይሰማል፣ ማረፉ ግን አይሰማም። ከገደሉ ወገብ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአንድ ላይ ጮኹና ድንገት ፀጥ አሉ። ጉሙ እስኪነሳ ብለን ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጥን። እኩለ ቀን ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከሣጥኑ ሥር ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። በረዶው እየቀለጠ ነበር።

ያኔ ከታች፣ ከጉሙ ሆድ ውስጥ፣ የሴት ድምፅ መጣ። ሩቅ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው።

«መጣችሁ ወይ?»

እርስ በርስ ተያየን። ጠዋት ዛፍ ሥር እንዲሰበሰቡ ተነግሯቸው ነበር፤ እስከዚያ ሰዓት ልጆቻቸውን ይዘው ይጠብቁን ነበር ማለት ነው። ኤክስቴንሽኗ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ነገ! ነገ እንመጣለን!» ብላ ጮኸች። ገደሉ «ነገ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ መለሰው። መልስ አልመጣም። ሰምተውን እንደሆነም አላውቅም።

ክትባቱ ሞቆ ተበላሸና ተጣለ። አዲስ ለማስመጣት ወረዳው ዘንድ መጠየቅ ነበረበት፤ የዘመቻው ሪፖርት ግን በማግሥቱ መድረስ አለበት። ኃላፊው ሁለታችንን ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠን። ወረዳው ከሁሉም ጤና ጣቢያ የመጨረሻው እናንተ ናችሁ ብሎ ሁለት ጊዜ በስብሰባ አስነስቶ አሳፍሮታል። በቅሎ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ያችኛዋን የተከራያት ከራሱ ኪስ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

«የሕፃናቱ ስም በቤተሰብ መዝገብ ላይ አለ አይደል?» አለ ኃላፊው ወደ መስኮቱ እያየ። «አሁን ሙሏቸው። በሚቀጥለው ወር ወርደን እንከትባቸዋለን። የሚቀርባቸው ነገር የለም፤ የሚቀድመው ወረቀቱ ብቻ ነው።»

ኤክስቴንሽኗ ተነሳች። «የእኔን እጅ ለዚህ አይጠይቁኝ» አለችና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። በሩ በነፋስ ተመልሶ ተከፈተ፤ ማንም አልዘጋውም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አላስገደደኝም፤ ይህን በእውነት እናገራለሁ። ያለኝ እንዲህ ብቻ ነው፦ «ያንቺንም ደብዳቤ ነገ ብናዘጋጀው ጥሩ ነው፤ ጊዜው እየደረሰ ነው።»

አርባ አንድ ስም ጻፍኩ። በአባቴ ፊደል፣ ቀጥ አድርጌ፣ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ። ከየስሙ ፊት «ተከትቧል» «ተከትባለች» የሚል ምልክት አደረግኩ። ስጽፍ ማንንም አላናገርኩም። የሚያናግረኝም አልነበረም።

ደብዳቤው በማግሥቱ ተሰጠኝ። «ለመድረስ አስቸጋሪ በሆኑ ቦታዎች ሳይቀር በእግሯ ተጉዛ…» ይላል። ማኅተሙ እርጥብ ስለነበረ አውራ ጣቴ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ቀረ። ለአባቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ ብርሃን ጠጋ ብለው፣ ቃል በቃል አነበቡት።

«ታችኛው አገር ድረስ ወርደሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው።

«የወረደ እግርሽን ይባርክልኝ» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው ብራናዎቻቸው ያሉበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡልኝ።

በሚቀጥለው ወር አልወረድንም። አንድ ሳምንት ስብሰባ ሆነ፤ ከዚያ ወረዳው ክትባት አልመጣም አለ፤ ከዚያ ክረምቱ ገባ። ኤክስቴንሽኗ በየሳምንቱ ትጠይቃለች፤ ኃላፊው በየሳምንቱ «እናስታውሳለን» ይላታል። እኔን «ዶክተር» ብላ መጥራቱን ትታ ነበር፤ በስሜ ትጠራኝ ጀመር። ስድስቱ ወር አልቆ ነበር፤ መሄድ እችል ነበር፤ ግን አልሄድኩም። ለምን እንደቆየሁ ሰው ቢጠይቀኝ ልምድ ለመጨመር ነው እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነበር። ያቺን ጎጥ ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ ፈራሁ፤ ዓይኔን ከላይዋ ካነሳሁ የሆነ ነገር የሚደርስባት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከታች ማሽላና በርበሬ ይዘው ገበያ የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። በነጠላቸው አስተሳሰር ከሩቅ አውቃቸዋለሁ። እያለፉ ሳያቸው ያዘሏቸውን ሕፃናት ፊት እመረምራለሁ፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ልቤ ይዘላል። መስከረም ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከእነሱ አንዲትም አልመጣችም። ዝናብ አልነበረም፤ መንገዱም ደርቋል። በሁለተኛው ቅዳሜም አልመጡም። ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የገበያው ጥግ ባዶውን ቀረ፤ ሌላ ሻጭ እንኳ አልተጠጋውም። ደገኞቹ «ታችኛው አገር ምን ሆኑ?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ወደ ግብይታቸው ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ እለት፣ መንገድ የዘጉብን እነዚያ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። አቧራ ለብሰዋል።

«ከታች ወጥቼ ነው የመጣሁት። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሕፃን ቀበርን» አሉ። «ዓይናቸው ይቀላል፤ ያስላቸዋል፤ ገላቸው እሳት ይሆናል፤ ከዚያ ሽፍታው ይወጣል። እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።»

ኃላፊው ወንበር ሳበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መዝገቡን አምጪው» አለኝ።

አመጣሁት። ገጹን ገለጠ። አርባ አንዱን ስም በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደበት።

«ኩፍኝ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም ተከትበዋል» አለ።

ፊቱን አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። ረስቶታል ወይስ ራሱን አሳምኗል፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር የለም። በፊቴ ለወረዳው ደወለ። «ታች ሽፍታ አለ ይላሉ፤ የክትባት ሽፋናችን ግን የተሟላ ነው፤ ምች ሳይሆን አይቀርም» አለ። ከወዲያ በኩል ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ስልኩን ሲዘጋ «በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይልካሉ» አለ። የቀበሌውም ሊቀመንበር ሲደውልለት ያንኑ ነገረው። እንግዲህ የእኔ ጽሕፈት ያን ሰዓት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ እርዳታውን ይመልስ ነበር።

ኤክስቴንሽኗ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገባች፤ የቫይታሚን ኤ እንክብልና የሕፃናት ሽሮፕ በከረጢት ሞላች። ተከተልኳት። «ልውረድ?» አልኳት። «እኔ እወርዳለሁ። አንቺ እንደ ሕሊናሽ» አለችኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ወረድን። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ከአፋፉ ላይ ጎጧ ከነዛፎቿ፣ ከነወንዟ ቁልጭ ብላ ትታይ ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ጭስ ከጣሪያ ይወጣል፣ ሰው ግን አይታይም። ማሽላው ደርሶ ወፍ ይበላዋል፤ ወፍ ለማባረር ማማ ላይ የወጣ ሰው የለም። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ኩፍኝ የገባበት ቤት ብርሃን አይገባበትም፣ እንግዳም አይገባበትም፤ የአገሩ ልማድ ነው። ከየቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሳል ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ቤት ሲያበቃ ከሌላው ይጀምራል።

ከቤት ቤት ዞርን። ኤክስቴንሽኗ እንክብሉን ትሰጣለች፤ እኔ ሽሮፑን እለካለሁ፤ የደረቀ ከንፈር በውኃ አርሳለሁ። የመጨረሻው ቤት ከወንዙ ማዶ ለብቻው ነበር። ሲገቡበት ጨለማው ላብና የተቃጠለ ጤና አዳም ይሸታል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሿ እያፏጨ ይወጣል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላታለች። ወጣት ነበረች፤ ከእኔ አትበልጥም ነበር። ታናሹን ልጇን ከማዶ እናቷ ዘንድ ልካው ልጅቱን ብቻዋን ታስታምም ነበር።

ልጅቱን አየሁ፤ ደረቷ እየገባ ይወጣል። ሳንባዋ ተይዟል። ወደ ላይ መውጣት ነበረባት፤ በዚያ ሁኔታ ግን አምስት ሰዓት ዳገት እንደማትችል ሁለታችንም አውቀናል።

እናትየዋ እጄን ያዘችኝ።

«የኔ እመቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ሊቀመንበሩ ሁሉም ተከትበዋል ተብሎ ተጽፏል አሉን። የኔም ልጅ ስም አለ አሉ። እኔ ግን አላስከተብኳትም። ነገ እንመጣለን ስትሉ ሰምቼ ነበር። በነጋታው ወፍጮ ቤት ሄጄ ውዬ ማታ ነው የተመለስኩት፤ ለካስ መጥታችሁ ሌላውን ከትባችሁ ሄዳችኋል። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ…»

ቀጠለች። ዱቄቱ እስከ ቅዳሜ ይደርስ እንደነበር፣ መሄድ እንዳልነበረባት፣ ባሏ «ዛሬ ይቅርብሽ» እንዳላት ነገረችኝ። ተጽፏል የሚለውን የሰማችው በሽታው ከገባ ወዲህ ነው፤ ሰው ከሰው አይገናኝምና ጎረቤት የምትጠይቅበት ጊዜ አላገኘችም። ከጎኔ ኤክስቴንሽኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዝም ማለት እችል ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

«አልመጣንም» አልኳት።

«እንዴት?»

«ያን ቀን ጉም መልሶን ነበር። በነጋታውም አልመጣንም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣንም። የልጅሽን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳልመጣ ጻፍኩት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

እጄን ለቀቀችው። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ጨርቁን ውኃ ውስጥ ነክራ ጨመቀችውና የልጅቱን ዓይን መጥረጓን ቀጠለች። የውኃው ጠብታ ጣሳው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር።

ወጥቼ ሮጥኩ። ስልክ የሚይዘው አፋፉ ላይ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት የሚባለውን ዳገት በስንት እንደወጣሁት አላውቅም፤ አፌ ደም ደም ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ ያሉት ሽማግሌ ቄስ አይተውኝ ምንም ሳይጠይቁ ውኃ ሰጡኝ። ከኤክስቴንሽኗ ስልክ የወረዳውን፣ ከዚያ የዞኑን ጤና ቢሮ ቁጥር ወስጄ ነበርና ለሁለቱም ደወልኩ። ስሜን ተናገርኩ፤ መዝገቡ ሐሰት መሆኑን፣ ማን እንደጻፈው፣ ከታች ያሉት ሕፃናት አንዳቸውም እንዳልተከተቡ ተናገርኩ።

ዞን ላይ ስልኩን ያነሳው ሰው ስሜን ደግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «የምትዪውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ከነገ ወዲያ እንደርሳለን» አለ።

ለመመለስ መሽቶ ነበር፤ አፋፉ ላይ ቄሱ ዘንድ አድሬ ሲነጋ ወረድኩ። ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት በሩ ተከፍቶ ነበር። ከሩቅ አየሁት። ብርሃን የማይገባበት ቤት በሩ ከተከፈተ የሚጠበቅ በሽተኛ የለም ማለት ነው። እናትየዋ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኤክስቴንሽኗ አጠገቧ ሆና ትከሻዋን ይዛታለች። ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ነበር አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኃላፊው ተጠርቶ ሄደ። ሻንጣውን ይዞ አይሱዙ ሲጠብቅ አገኘሁት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ደብዳቤሽ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። እንግዲህ ምን ይረባሻል?» አለኝ፣ የእውነት ያዘነልኝ ይመስል። ለአባቴም ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ያን ቀን አልጻፉም፣ በማግሥቱም አልጻፉም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ከሣጥናቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። አቃጠልኩት።

የዚያ ዓመት ማመልከቻ አለፈኝ። በቀጣዩም ዓመት አመልክቼ አልተቀበሉኝም። በሦስተኛው ገባሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ጤና ጣቢያ ከሠራሽ ደብዳቤው የታለ አሉኝና ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። ሰውዬው ፋይሉን ዘጉት። ለምን እንደተቀበሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንድ ቀን ባይቀበሉኝ ኖሮ የሚቀል ነገር ይኖር ነበር እላለሁ። አባቴ ስመረቅ አልነበሩም። ኤክስቴንሽኗ ነበረች፤ ከአዳራሹ በር ላይ ጠብቃ አቀፈችኝና «ዶክተር» አለችኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ።

የልጅቱን ደብዳቤ በማግሥቱ፣ የሠራችባቸውን ክፍሎች ዞሬ ጠይቄ ፈረምኩላት። ዛሬ ግን ሌላ ቀን ነው ዓይኔ ላይ ያለው። ከዞን ቡድኑ የመጣበት ቀን።

ስልኩን ያነሳው ሰው በነገረኝ ቀን ከሰዓት በፊት ደረሱ። ጎጡ በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሰው በየቤቱ ተጠራ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው መጡ፤ ግን ከዋርካው ጥላ ራቅ ብለው፣ ፀሐዩ ላይ፣ ተሰብስበው ቆሙ። አንዳቸውም አይጠጉም። ከላይ የመጣው ነርስ ለመናቸው፤ ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ አልተነቃነቁም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ስሞቹን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ሰምተዋል። እኔም ወደ ኋላዬ ልመለስ፣ ከዓይናቸው ልጥፋላቸው ብዬ መነሳት ስጀምር ከወንዙ በኩል አንዲት ሴት ስትመጣ አየሁ።

እሷ ነበረች። ልጇን ከቀበረች ገና አንድ ቀኗ ነው፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ትንሹን ልጇን ከእናቷ ቤት አምጥታ አዝላዋለች። በሴቶቹ መሐል አለፈች፤ ገለል ገለል አሉላት። ነርሱን አልፋ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ይኼኛውስ እውነተኛው ነው?» አለችኝ።

«እውነተኛው ነው» አልኳት።

መቀነቷን ፈታች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ገና አንድ ዓመት አልሞላውም፤ ገላው የእንቅልፍ ሙቀት አለው፤ ክንዱን ስይዘው ጣቶቹ አውራ ጣቴ ላይ ተጠመጠሙ። መርፌው ሲወጋው ጮኸ። ከዚያ አንገቴ ውስጥ ተሸጉጦ እያነፈነፈ ዝም አለ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። እሷ ጀርባዋን እንደሰጠችን ቆማ ነበር። ዞራ ልጇን እስክትቀበለኝ ስጠብቅ፣ እጆቿን አልዘረጋችም፤ አልቸኮለችም። እኔም ያዝኩት።